ፈረንጅ አራዳ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት፦ ሰነዱን ግዙ፣ ፍላሹን ተዉት

ጅማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ሞልቷል። ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ነውና አይገርምም። ይሄኛው ግን ለብቻው ሊጻፍለት ይገባል። ከተማሪው መመረቂያ ጽሑፍና ከመታወቂያ ኮፒው ጎን፣ አሜሪካኖች ለዓመታት በጥብቅ ምስጢር ይዘው ኋላ የለቀቋቸውን የመንግሥት ሰነዶች እያተመና እየጠረዘ ይሸጣል። እያንዳንዱ ሰነድ መጀመሪያ ላይ ደግሞ አንድ ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ አለ። ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገችኝ በዋናነት ያቺ አንድ ገጽ ናት።

በሩ ላይ የቤቱ ስም የለም። «ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ጥረዛ፣ ላሚኔሽን» ይላል፣ በቃ። ፈረንጅ አራዳ ገብታችሁ «የመምህር ቤት» በሉ፤ የባጃጅ ሹፌሮቹ ያውቁታል። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ «መምህር» ነው የሚላቸው። ማሽኑ ላይ የሚሠራው የእህታቸው ልጅ ነው፣ እጁ ፈጣን፣ ወሬው ትንሽ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወፍራም ክላሴር አለ። የሰነዶቹ ዝርዝር በእጅ ተጽፎ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። መርጣችሁ ታዛላችሁ። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር ከፈለጋችሁ ርዕሱን ጽፋችሁ ትተዋላችሁ፤ ልጁ ማታ ኔትዎርኩ ቀለል ሲል ያወርደዋል፣ መምህር ያዩታል፣ ከሳምንት በኋላ ትወስዳላችሁ። ቀብዱ ግማሽ ነው፣ በቴሌብርም ይቀበላሉ። የገጹ ዋጋ ከሌላው ፎቶ ኮፒ ቤት አይለይም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እነዚህ ሰነዶች ግማሽ ገጻቸው፣ አንዳንዴም ሙሉ ገጻቸው በጥቁር ተሸፍኖ ነው የሚለቀቁት። ጥቁር ገጽ ቶነር ይበላል። ልጁ ቶነር ለመቆጠብ ማሽኑን አሳስቶ ሲያትም ጥቁሩ ግራጫ ይሆንና ሰነዱ ደካማ ኮፒ ይመስላል፣ የተሸፈነው የቱ እንደሆነ መለየት ያቅታል። መምህር ይህን አይቀበሉም። «የተደበቀው የት እንደሆነ አንባቢው ማየት አለበት» ብለው እንደገና ያሳትሙታል፣ ተጨማሪ ሳንቲም ሳይጠይቁ። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ አይቻለሁ። ለዚህ ብቻ አንድ ኮከብ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ አማርኛዋ ገጽ ልምጣ። አራት ጥያቄ ትመልሳለች። ሰነዱን ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው? ማን አስወጣው? ምኑ ነው አሁንም የተዘጋው? አራት ብቻ። ውስጡ ያለውን አታሳጥርላችሁም፣ እንዲህ ብላችሁ እመኑ አትልም። ሦስተኛዋ ጥያቄ ናት ከሁሉ በላይ የያዘችኝ። ስለ ጦር ምስጢር የሚያወራ ሰው «ወጣ» ብሎ ነው የሚያልፈው። በራሱ የወጣ ምስጢር የለም። የሆነ ሰው ጠይቋል፣ ከስሷል፣ ወይም ምክር ቤት ውስጥ ጠረጴዛ መትቷል።

(ከዚህ በታች የአሜሪካኖቹን ዓመት ስጠቅስ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ግዙት የምላችሁ የ1977ቱን የአሜሪካ ሴኔት የምስክርነት ቃለ ጉባኤ ነው፣ ኤም ኬ አልትራ ስለተባለው ፕሮግራም። ስሙን በዩቲዩብ የሰማችሁ ብዙ ናችሁ። በ1953 የተጀመረ የሲአይኤ ምርምር ነው፤ የሰውን አእምሮና ባሕርይ በመድኃኒትም በሌላም መንገድ መቆጣጠር ይቻል እንደሆነ የሚሞክር። ሳያውቁት ኤል ኤስ ዲ የተባለውን ዕፅ የተሰጣቸው ሰዎች ነበሩ። ፍራንክ ኦልሰን የሚባል ለሠራዊቱ የሚሠራ ሳይንቲስት ሳያውቅ በመጠጥ ውስጥ ተሰጥቶት፣ ከቀናት በኋላ ኒውዮርክ ውስጥ ከሆቴል መስኮት ወድቆ ሞቷል።

ታዲያ ይህ እንዴት ታወቀ? በ1973 የሲአይኤው ዳይሬክተር ሪቻርድ ሄልምስ ፋይሎቹ እንዲጠፉ አዝዞ ነበር። ጠፉም። ነገሩ አበቃለት ሲባል ጆን ማርክስ የተባለ ጸሐፊ በመረጃ ነጻነት ሕጉ መሠረት ሰነድ እንዲሰጠው ጠየቀ። ሲፈለግ ሲፈለግ ወደ 20,000 ገጽ የሚጠጋ ወረቀት ተገኘ። የት ብትሉ፣ የሒሳብ ወረቀት ውስጥ! አጥፊዎቹ የምርምሩን ፋይል ሲያጠፉ የክፍያውን ማስረጃ ረስተውታል፣ ሌላ ቦታ ነበር የተቀመጠው። ደረሰኝ ነው ያጋለጣቸው። ከዚያ ሴኔቱ የሲአይኤውን ዳይሬክተር ስታንስፊልድ ተርነርን አስቀምጦ ጠየቀው። 149 ንዑስ ፕሮጀክት እንደነበረ፣ 80 ተቋማት እንደተሳተፉ፣ ከነሱ ውስጥ 44ቱ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች እንደነበሩ የተናገረው እዚያ ነው።

44 ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ። አንዳንዶቹ ገንዘቡ ከማን እንደመጣ እንኳ አያውቁም ነበር። እኛ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሰዎች ነን፤ የምርምር ገንዘብ ከየት ይመጣል፣ ማን ይፈቅዳል፣ የሚመረመርበት ሰው ተጠይቋል ወይ የሚለው ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ጥናት ላይ የሚሠራ ተማሪ ሁሉ ይህን ቃለ ጉባኤ ቢያነብ ደስ ይለኛል። እንግሊዝኛውም አይከብድም፣ ጥያቄና መልስ ስለሆነ ይፈሳል።

ሁለተኛው ስለ ዩ ቱ የስለላ አውሮፕላን ሲአይኤ ራሱ ያጻፈው ታሪክ ነው። ኤሪያ 51ን፣ ማለትም ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ያለውን ምስጢራዊ የአሜሪካ አውሮፕላን መሞከሪያ ቦታ፣ የሚፈልግ ሁሉ ይህን ይጠይቃል። የመምህር ገጽ እንዲህ ትላለች፦ ጄፍሪ ሪችልሰን የተባለ ተመራማሪ በ2005 ጠየቀ፣ መልሱ በ2013 ወጣ። ስምንት ዓመት! ከዚያ በፊት ይህ ታሪክ ሲለቀቅ የቦታው ስም ተሸፍኖ ነበር፤ በ2013 ግን ከነስሙና ከነካርታው ወጣ። ዩ ቱ ከ1955 ጀምሮ እዚያ ይሞከር ነበር። ያኔ የመንገደኛ አውሮፕላን ከ10,000 እስከ 20,000 ጫማ ነበር የሚበረው፤ ዩ ቱ ከ60,000 ጫማ በላይ ይወጣል። ፀሐይ ለመንገደኛው አውሮፕላን አብራሪ ከጠለቀች በኋላ እላይ ያለውን ብርማ ክንፍ ገና ታበራዋለች። አብራሪው ቀና ሲል እሳት የመሰለ ነገር ያያል። በዚያ ከፍታ ሰው ይበራል ብሎ የሚያስብ ስላልነበረ የሰዉ ሐሳብ ወደ ሌላ ዓለም ሄደ። የሲአይኤው ታሪክ የዚያን ዘመን ባዕድ በራሪ አካል ወሬ ከግማሽ በላይ ያመጡት ዩ ቱና ከሱ በኋላ የመጣው አውሮፕላን ናቸው ይላል።

ይህ ግምት ትክክል ነው አይደለም የሚከራከሩ አሉ። እኔን ያናደደኝ ሌላው ቁም ነገር ነው። የአየር ኃይሉ ሰዎች የተወሰነውን እውነት ያውቁ ነበር፤ ግን ሰዉ ሲጠይቃቸው የአየር ጠባይ ነው፣ የበረዶ ቅንጣት ነው እያሉ መለሱለት። ለምስጢሩ ብለው ነው፣ ይገባኛል። ግን ያየውን ሰው «አላየህም» ስትለው ነገ ሌላ ማንም የሚነግረውን እንዲያምን እየለቀቅከው ነው። ኤሪያ 51ን ተረት ያደረገው ይህ ዝምታ ነው። በ2024 ፔንታጎን ከ1945 ወዲህ ያለውን መርምሬ ከሌላ ዓለም የመጣ ቴክኖሎጂ ማስረጃ አላገኘሁም የሚል ሪፖርት ሲያወጣ ያላመነው ሰው ብዙ ነው። ስልሳ ዓመት የደበቀ መሥሪያ ቤት በአንድ ሪፖርት አይታመንም።

ሦስተኛው ለኛ ነው። ቃኘው።

ቃኘው ጣቢያ አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ጣቢያ ነው። ጣሊያን ትቶት የሄደውን የባሕር ኃይል ሬዲዮ ጣቢያ በጦርነቱ ጊዜ ይዘው፣ በ1953 ከንጉሡ መንግሥት ጋር ውል ተፈራርመው ቆዩበት። ስሙ ኮሪያ ከዘመተው ሻለቃችን፣ የሻለቃውም ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። (ጅማ ላይ ሆኖ የፈረስ ስም መስማት አይገርምም፣ የጅሬኑ ንጉሣችን አባ ጅፋርም የሚታወቁት በፈረስ ስም ነው።) አስመራ ከፍታዋ፣ ለምድር ወገብ መቅረቧ፣ ሬዲዮ ለማድመጥ እጅግ ይመቻል። ይህ ድሮም ይወራ ነበር።

መምህር ያስቀመጡት ሰነድ ግን ስቶንሃውስ ስለተባለ የጣቢያው አንድ ክፍል ነው፤ የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ማለትም ኤንኤስኤ፣ ኋላ የለቀቀው። ከ1965 እስከ 1975 ሁለት ግዙፍ ሳህን አንቴናዎች ነበሩ፤ አንዱ 85 ጫማ፣ ሌላው 150 ጫማ ስፋት ያላቸው። ሥራቸው ሶቪየቶች ወደ ጨረቃና ወደ ሌሎች ፕላኔቶች የሚልኳቸው መንኮራኩሮች ወደ መሬት የሚልኩትን ምልክት መጥለፍ። ለምን አስመራ? የሶቪየቶቹ ዋና ተቀባይ ጣቢያ ክራይሚያ ነበር። አስመራ ከክራይሚያ ብዙም ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ሳትርቅ ወደ ደቡብ ያለች ናት። መንኮራኩሩ ከክራይሚያ ጋር ሲያወራ አስመራም ታየዋለች።

ይህን ያነበብነው ቅዳሜ ቡና ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጓሮ ጀበና ይጣዳል፣ የጅማ በርጩማ ይደረደራል፣ ሰነድ የገዛ ሁሉ ይቀመጣል። በወጣትነታቸው አስመራ በወታደርነት የነበሩ አንድ አባት አሉ። ገጹን ሳነብላቸው ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ሳህኑን ከሩቅ አየዋለሁ። ከጨረቃ ጋር ያወራል ይሉን ነበር። እኛ እንስቅ ነበር» አሉ። ያንን ያህል ዓመት እንደ ቀልድ ይዘውት የኖሩት ነገር ሲደርሱበት እውነት አከል ነው። ከጨረቃ ጋር አያወራም፣ ወደ ጨረቃ የተላከውን ያዳምጣል። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም። «ከደጃችን ላይ ሆኖ፣ ለኛ የነገረን ሰው የለም» አሉ። መምህር ዝም ብለው ቡናቸውን ቀዱላቸው።

ከዚሁ ጋር ተጠርዞ የሚሸጥ ሌላ ወረቀት አለ። በ1970 ሴናተር ስቱዋርት ሲሚንግተን የሚመሩት ንዑስ ኮሚቴ አሜሪካ በውጭ አገር የገባቻቸውን የወታደራዊ ቃል ኪዳኖች ሲመረምር ኢትዮጵያም ተነሳች። በዝግ ሰሙ፣ ከዚያ ከፊሉን ቆርጠው አሳተሙት። በ1960 አሜሪካ 40,000 ሰው ያለውን የኢትዮጵያ ሠራዊት ለማስታጠቅና ለማሠልጠን በምስጢር ቃል መግባቷ የወጣው እዚያ ነው። አስቡት። ስለ ራሳችን ሠራዊት የተገባን ቃል የምናነበው ከሌላ አገር ምክር ቤት ወረቀት ላይ ነው። ሲሚንግተን ራሳቸው የአየር ኃይል ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው፤ የጦር ጠላት አይደሉም። የጠየቁት ሕዝባቸው ሳያውቅ አገራቸው ምን ውስጥ እንደገባች ለማወቅ ነው። ቁጥጥር ማለት ይሄ ነው፤ ምስጢሩን የያዘውን መሥሪያ ቤት የማይፈራ፣ ምስጢሩን የማየት ሥልጣን ያለው፣ ከዚያ ለሕዝብ የሚሆነውን ቆርጦ የሚያወጣ አካል። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። አንዱ ከጎደለ ሥራ የለም።

ከዝርዝሩ ውስጥ በጣም የሚሸጠው ግን ሌላ ነው፤ በ1983 አንድ የአሜሪካ ጦር መኮንን ስለ «ጌትዌይ» የጻፈው ሪፖርት። በድምፅ ሞገድ አእምሮን አስተካክሎ ከሰውነት ውጭ መውጣት ይቻላል የሚል ነገር ያለበት። ሲለቀቅ 25ኛው ገጽ ስላልነበረበት ስንቱ ምን ያህል ተረት ፈጠረበት! ገጹ ኋላ ላይ ሲገኝ የተረቱን ያህል የሚያስደንቅ ነገር አልነበረበትም። የመምህር ገጽ እዚህ ሰነድ ላይ በተለይ ጥሩ ናት። ይህ የአንድ መኮንን ግምገማ ነው፣ የሙከራ ውጤት አይደለም ብላ ትጀምራለች። ከሱ ጋር አያይዘውም በሩቅ ሆኖ በአእምሮ የማየት ፕሮግራሙ፣ ስታርጌት የተባለው፣ በ1995 በገለልተኛ ባለሙያዎች ተገምግሞ ለስለላ ሥራ የጠቀመበት ጊዜ የለም ተብሎ መዘጋቱን ጽፈዋል።

ይህን የምለው ለወጣቶቹ ነው። ሰነድ በምስጢር ተይዞ ነበር ማለት ውስጡ ያለው እውነት ነው ማለት አይደለም። መንግሥትም ይሳሳታል፣ የማይረባ ነገር ላይ ገንዘብ ያፈሳል፣ ከዚያ ስለሚያፍር ይደብቃል። «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም ያየ ሰው ልቡ ይመታል፣ የኔም ይመታል። ማኅተሙ ግን የሚነግራችሁ ማን እንዲያይ እንዳልተፈለገ ነው፣ ሌላ ምንም።

ቅዳሜው ሁልጊዜ እንደ አስመራው ቀን አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ጥር ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል፣ እዚህ ጓሮ የተወራው ሃርፕ ነበር። አላስካ ያለው የአሜሪካኖቹ ጣቢያ ነው ያንቀጠቀጠው ተባለ። አማርኛውና አፋን ኦሮሞው እየተቀላቀለ ድምፅ ከፍ አለ። ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ኤሌክትሪካል የሚማር አንድ ልጅ ነበር። «አባባ፣ ይፍቀዱልኝና ላስረዳ» አለ። ጣቢያው 180 አንቴናዎች እንዳሉት፣ ጉልበቱ 3.6 ሜጋ ዋት እንደሆነ፣ የሚልከው የሬዲዮ ሞገድ ወደ ላይ፣ ወደ ከባቢ አየሩ የላይኛው ክፍል እንደሆነ ነገራቸው። ከመሬት በታች ብዙ ኪሎ ሜትር ያለ ዐለት የሚሰነጥቅ ኃይል እንደሌለው፣ ፈንታሌ ስምጥ ሸለቆ ላይ ያለ እሳተ ገሞራ እንደሆነና ከሥሩ ቅልጥ ዐለት ሲንቀሳቀስ መሬቱ እንደሚሰነጠቅ በብዕር ወረቀት ላይ ሥሎ አሳያቸው። ሁሉም አላመኑም። ግን አንድ ጥያቄ መጣ፣ ጥሩ ጥያቄ፦ «ታዲያ ንጹሕ ከሆነ ለምን ጦሩ ያዘው?»

መልሱ ስለ ሃርፕ በወጣው ሰነድ ውስጥ አለ። ሃርፕን ገንዘብ ያወጡለት የአየር ኃይሉ፣ የባሕር ኃይሉና የመከላከያው የምርምር ድርጅት ናቸው፤ ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ ጋር የሬዲዮ ግንኙነት፣ የሳተላይት ደኅንነት የሚመለከት ፍላጎት ነበራቸው። ይህ የተደበቀ አይደለም። በ2015 ግን ለአላስካ ዩኒቨርሲቲ ተላለፈ፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በር ከፍቶ ሕዝብ እንዲጎበኝ ቀን መደበ። አንቴናዎቹ መሃል ሰው ይሄዳል፣ ይጠይቃል፣ ፎቶ ያነሳል። ሰውን ንቀህ «ይሄ የሴራ ወሬ ነው» ከምትለው በር መክፈት ስንት እጥፍ ይሻላል! ልጁ ይህን ሲናገር ያኔ የጠየቁት ሰውዬ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ሰነዱን እስከዚህ ካመሰገንኩ ፍላሹን ደግሞ ልናገር። ልጁ በጎን፣ ከመምህር ዕውቀት ውጭ አይመስለኝም፣ «የዓለም ምስጢሮች» የሚል ፍላሽ ይሸጣል። ገዛሁት። ውስጡ የሞላው ከቴሌግራም የተለቃቀመ ትረካ ነው፤ አስፈሪ ሙዚቃ፣ ጥልቅ ድምፅ፣ ምንጭ የለም፣ ቀን የለም። አንዱ ቪዲዮ የኤም ኬ አልትራን ታሪክ እውነተኛውን ጀምሮ መሃል ላይ ዛሬም በስልካችን ይቆጣጠሩናል ወደሚል ይሻገራል፤ የት ላይ እንደተሻገረ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህ ነው አደገኛው። ጥሬ ውሸት ቢሆን ይታወቃል። እውነት ላይ የተሰፋ ውሸት ግን እውነቱን ራሱ ያሳጣዋል፤ ነገ የሴኔቱን ቃለ ጉባኤ ብታሳየው «አይ፣ ያው የዩቲዩብ ወሬ ነው» ይልሃል። ፍላሹ ቫይረስም ነበረበት፣ ኮምፒውተሬን ማጽዳት ነበረብኝ። ለመምህር በቀጥታ ነግሬያቸዋለሁ፦ «መምህር፣ የእርስዎ ገጽ ካለበት ጠረጴዛ ላይ ይህ መሸጥ የለበትም።» «ኪራይ ነው ልጄ» አሉኝ። ኪራዩ ይገባኛል፣ ፈረንጅ አራዳ ኪራይ ቀላል አይደለም። ግን አቋሜ አልተለወጠም።

የክላሴሩ የመጨረሻ ክፍል የኛ ነው። ትንሽ ናት፣ ግን አለች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12፣ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት የሚለው። አንቀጽ 29፣ መረጃ የመጠየቅና የማግኘት ነጻነትን የያዘው። ከዚያ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000። ብዙ ሰው ይህ አዋጅ የጋዜጠኛ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም፣ ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል፣ ለምን እንደፈለግከው እንድትናገር እንኳ አትገደድም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ከተከለከልክ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ትሄዳለህ። የአገር መከላከያና የደኅንነት መረጃ ከተከለከሉት ውስጥ ነው፣ ይህም በሌላው አገር ያለ ነው። መምህር የጥያቄ ደብዳቤ ናሙና አዘጋጅተው ከአዋጁ ጋር ጠርዘውታል፤ ክፍት ቦታውን ሞልታችሁ ማስገባት ብቻ ነው። ይህ ጥራዝ ከሁሉም ርካሽ ነው።

እኔ ናሙናውን ተጠቅሜ አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ሰፈራችን የውኃ ፍሳሽ ቦይ በጀት ጠየቅሁ። ጦር የለበት፣ ስለላ የለበት፣ ቦይ ነው። ደብዳቤውን የተቀበለችኝ ልጅ አገላብጣ አየችውና «ይሄ ምስጢር ነው፣ ለማንም አይሰጥም» አለችኝ። በቅንነት ነው ያለችው። ማንም ሥራ ላይ ሲያስገባት የማይሰጠውን እንጂ የሚሰጠውን አላስተማራትም። ከላይ ያሉት ሰው አዋጁን ከጥራዙ ላይ ሳሳያቸው አንብበው መዝገብ ቤት ገቢ አደረጉልኝ፣ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። የጦር ምርምር ምስጢር ላይ መከራከር ይቻላል፤ መሣሪያ የሚሠራበት ዝርዝር፣ የሰላይ ስም፣ የጦር እንቅስቃሴ መደበቅ አለበት፣ የወታደር ሕይወት ነው። የገንዘቡ ድምር ግን? አሜሪካኖቹ ከ2007 ወዲህ ለስለላ በአጠቃላይ ያወጡትን በየዓመቱ ያሳውቃሉ፣ ዝርዝሩን ሳይነኩ። ሰው ላይ የተደረገ ሙከራ? የተገባ ቃል ኪዳን? እነዚህ ለዘላለም ሊደበቁ አይገባም፤ ቢያንስ ምክር ቤቱ ሊያያቸው ይገባል፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ እኛ። የአስመራው አባት በሕይወት እያሉ ነው የደረሱበት። ስንቱ ሳያውቅ አልፏል።

አሁን ለሚሄድ ሰው የሚሆነውን ልጻፍ። ጠዋት አትሂዱ፣ ተማሪ ይበዛል፣ በምረቃ ሰሞንማ ጭራሽ አይሞከርም። መብራት ሲጠፋ ሥራ ይቆማል፣ ጀነሬተር የላቸውም። የስፓይራል ጥረዛው ጠንካራ ነው፣ የሙጫው ጥረዛ ግን የሴኔቱን ያህል ወፍራም ሰነድ አይችልም፣ የኔ መሃሉ ተገንጥሏል፤ ስፓይራል በሉ። የፊደሉ መጠን የድሮ የታይፕ ጽሑፍ ስለሆነ ዓይናችሁ ደከም ያለ ከሆነ በሰፊው ወረቀት እንዲያትሙላችሁ ጠይቁ፣ ያደርጉታል። ቡናው በነጻ ነው፤ ቤት ያፈራው የከፋና የጎማ ቡና፣ ስለ ጣዕሙ ጅማ ላይ መጻፍ አያስፈልግም። ሴቶችም ይምጡ፣ የቅዳሜው ጓሮ ወንድ በዝቶበታል፣ መምህርም ይህን ደጋግመው ይላሉ።

መሻሻል ያለበትም አለ። የአማርኛዋ ገጽ በአፋን ኦሮሞም ትዘጋጅ፤ ጓሮው ውስጥ ካለው ሰው ግማሹ በዚያ ነው የሚያስበው፣ የኪቶ ፉርዲሳዎቹ ልጆች እንተረጉማለን ብለዋል። እያንዳንዱ ሰነድ ከየትኛው ድረ ገጽ እንደወረደ ከሥሩ ይጻፍ፤ አሁን ለጠየቀ ብቻ ነው ልጁ የሚነግረው። ሲአይኤ ወደ 12 ሚሊዮን ገጽ ሰነድ በ2017 ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል፤ ከዚያ በፊት ለማየት ሜሪላንድ ድረስ ሄደህ አራት ኮምፒውተር ፊት ተራ መጠበቅ ነበረብህ፤ በክስና በጉትጎታ የተከፈተ በር ነው። ጅማ ያለ ሰው አድራሻውን ካወቀ ራሱ ገብቶ መፈተሽ ይችላል፣ የመምህርንም ገጽ ጭምር።

ለሰነዱ፣ ለአንዷ ገጽና ለቅዳሜው ከ5 ኮከብ 5። ለፍላሹ ዜሮ። የሲሚንግተኑና የስቶንሃውሱ ጥራዝ ባለፈው ሳምንት ሁለት ቅጂ ብቻ ነበር የቀረው፣ ቶነር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አዲስ አያትሙም፤ የሚፈልግ ቀብድ ይክፈል።